ላት የሌላቸው በጎች

አሰላ የወሰደኝ እጄን ማንሳቴ ነው። በአርባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ የከብት ሐኪም ረዳትነት ትምህርት ጨርሰን ምደባ ስንጠብቅ፣ አንድ ኃላፊ ገባና «ከመካከላችሁ በግ መሸለት የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በአገሬ ወንዱ በግ ይሸልታል፣ ሴቷ ትፈትላለች፣ ከዚያ ባናው፣ የሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ይሸመናል። እጄን አነሳሁ። ሌላ ማንም አላነሳም። በሳምንቱ የተሾምኩ ያህል ደስ እያለኝ ከባለቤቴ ጋር ጓዜን ጠቅልዬ ወደ አርሲ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ድካም ባስታወስኩ ቁጥር፣ ምነው ያን ቀን እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼው ቢሆን እላለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ያሰበው እንዲህ ነበር። ሜሪኖ የሚባሉ በጎች ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ከጭላሎ ተራራ ሥር ካሉት የአርሲ በጎች ጋር ያዳቅላል። የሜሪኖ ሱፍ በዓለም ካለው ሱፍ ሁሉ የለሰለሰ ነው፤ የአርሲ በግ ደግሞ ብርዱንና ዳገቱን ችሎ የኖረ ነው። ከሁለቱ የሚወለደው ሱፉም ያማረ፣ ደጋውንም የሚችል ይሆናል ተባለ። ወረቀቱን ሳነበው እኔም አምኜ ነበር። ጣቢያው ከአሰላ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ሜዳ ላይ የተሠራ የቆርቆሮ ዳስና አጥር ነው። እኔና ባለቤቴ ከአጥሩ ጥግ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠችን።

በጎቹ የደረሱት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ያንን ወራት የመረጠው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የጫናቸው መኪና ከናዝሬት ተነስቶ ዳገቱን ከያዘ በኋላ ዝናብ ወረደበትና ከአሰላ በታች ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጠዋት መልእክት መጣልንና ከሁለት የጣቢያው ሠራተኞች ጋር ሄድን። ስምንት ሴትና አራት አውራ በጎች ያለ ሸራ መኪናው ላይ ዝናብ ሲወርድባቸው አድሯል። ሱፋቸው ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ አንዱ በግ የሁለት በግ ክብደት አለው። አውርደን ልንነዳቸው ብንሞክር ጥቂት እየተራመዱ ቁጭ ይላሉ። እየደገፍን፣ እየገፋን፣ ስንቱን ካስነሳን በኋላ ትልቁ አውራ ጭራሽ አልነሳም አለ። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጠን በጋቢዬ ቃሬዛ ሠራንና፣ ከመኪናው ረዳት ጋር ሆነን ለአራት ተሸከምነው።

መንገድ ላይ ያየን ሰው ሁሉ በሽተኛ የያዝን መስሎት ከፈረሱ ይወርዳል፣ ቆሞ ያሳልፈናል። አንድ ጢማቸው የሸበተ፣ ረጅም ሽማግሌ ግን ወርደው ወደ እኛ መጡ።

«አላህ ይማረው። ማነው የታመመው?» አሉ፣ ኦሮምኛ በተጫነው አማርኛ።

«በግ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩት። ሱፉ ዐይኖቹን ሸፍኗቸዋል፣ ቀንዱ ጆሮው ላይ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። ከዚያ በኋላው በኩል ዞሩ።

«ላቱስ?»

«የለውም።»

«በሽታ ነው የወሰደበት?»

«ሲፈጠርም የለውም፣ አባቴ። ዘሩ እንዲሁ ነው።»

ከዚያ ትከሻዬን አዩት፤ አጣናው ልብሴን ቀዶ ቆዳዬ ላይ ደርሷል። «ፈረሱ ላይ ጫኑት» አሉ። አይሆንም ብንላቸው አልሰሙንም። እንዲያ ሆነን ጣቢያው ገባን፤ በጉ በፈረስ፣ ትልቁ ሰው በእግራቸው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። መሬታቸው ከጣቢያው አጥር ጋር የሚዋሰን የቅርብ ጎረቤታችን መሆናቸውን ያወቅሁት ደጃችን ስንደርስ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለበጎቹ የቀጠረው ፈረንጅ ባለሙያ የመጣው ከበጎቹ በሳምንቱ ነው። ዕድሜው ስልሳ የሚሆን፣ ጣቶቹ እንደ ሥር የወፈሩ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ሜሪኖ ያረቡት አባቱም አያቱም ናቸው፤ አገሩ ከዓመት ዓመት ዝናብ የሚለመንበት ደረቅ ሜዳ እንደሆነ ነግሮኛል። ሰኮና አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። በጉን በቂጡ አስቀምጦ፣ ጀርባውን በጉልበቱ ደግፎ፣ የበሰበሰውን ሰኮና በቢላዋ ይጠርባል፤ ከዚያ ሰማያዊ መድኃኒት የተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል። እርጥብ መሬት ለሜሪኖ ሰኮና ጠላት ነው። አሥራ ሁለት በግ አርባ ስምንት ሰኮና ነው፣ ሰኮናው ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነው። በዚያ ክረምት በየሁለት ቀኑ ሁሉንም ማዳረስ ነበረብን። ሁልጊዜ ከማጎንበሴ የተነሳ ቀና ስል ሰው የምጠራ እመስል ጀመር፤ ወገቤን ይዤ «ኧረ!» እያልኩ ነው የምነሳው።

ሽማግሌው ዝናብ ሲበረታ ዳሱ ሥር መጥተው ግንድ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ «ይህ በግ አገሩ የት ነው? ጠይቀው» አሉኝ። ጠየቅሁላቸው። ፈረንጁ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ፣ ዐይኑን ከሰኮናው ሳያነሳ መለሰ፤ እኔም እየተከተልኩ ወደ አማርኛ መለስኩት።

የመጀመሪያ አባቶቻቸው ከሰሜን አፍሪካ ናቸው ይባላል አለ፤ በርበሮች ባሕሩን አሻግረው ወደ ስፔን አስገብተዋቸዋል፤ ግን እርግጡን የሚያውቅ የለም። ስፔን ውስጥ እረኞች በብርዱ ወራት ወደ ደቡቡ ሜዳ፣ በሙቀቱ ወራት ወደ ሰሜኑ ተራራ ይነዷቸው ነበር፤ የሚሄዱበትን መንገድ ማንም ገበሬ እንዳያርሰው ንጉሡ ይጠብቅላቸው ነበር። ሱፋቸው አገሩን ስላበለጸገው አንዲት ሜሪኖ ከስፔን ያወጣ ሰው በሞት ይቀጣል ተብሎ ተደነገገ። ለብዙ መቶ ዓመት እንዲህ ከኖሩ በኋላ ነገሥታቱ ራሳቸው ለዘመዶቻቸው ስጦታ ሰጧቸው፤ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። ጦርነት መጣ፣ መንጋው ተበተነ፣ ተዘረፈ፣ ተሸጠ። ከዚያም በመርከብ ተጭነው እስከ ዓለም ደቡብ ጫፍ ደረሱ፤ የእሱ አያት እጅ የገቡትም እዚያ ነው።

ሽማግሌው በጥሞና አዳመጡ። «እንግዲህ ከአፍሪካ ከወጡ ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነዋ» አሉ። ይህንን ስተረጉምለት ፈረንጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

«እነዚያ የኖሩባቸው አገሮች ዝናብ አላቸው?»

ፈረንጁ ቢላዋውን ከሱሪው ላይ ጠረገ። «ጥቂት» አለ። «አብዛኛው ደረቅ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ውጭ፣ ወደሚወርደው ውሃ አዩ። «የሚጠይቀኝ ቢኖር በጥቅምት አምጧቸው እል ነበር» አሉ። ይህንን አልተረጎምኩትም። ፈረንጁ ግን የገባው መሰለኝ፤ ቀና ሳይል ቀጣዩን እግር ያዘ።

አንዱ አውራ በነሐሴ ሞተ፣ ሁለት ሴቶች በመስከረም ተከተሉ። ከፍተን ስናያቸው የገደላቸው ሳንባቸው ነው። በተቀሩት ላይ ፀሐይ ወጣ፤ በታኅሣሥ ሸለትናቸው። ያን ቀን ብቻ ድካሜን ረሳሁ። ከላይ ጭቃና ቆሻሻ የመሰለው ሱፍ በመቀስ ሲከፈት ውስጡ እንደ ወተት አረፋ ነው፤ ቅባቱ እጅ ያለሰልሳል። የመንዝ በግ ስሸልት ያደግሁ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም። ባለቤቴ አንድ እቅፍ ወሰደችና ልትፈትለው ሞከረች፤ እንደ አገራችን ጠጉር ስትይዘው እየተበጠሰ አስቸገራት።

«ይሄ ጠጉር አይደለም» አለችኝ ተናድዳ። «ሸረሪት ድር ነው የሰጠኸኝ።»

ለሦስት ቀን ታገለችው። በመጨረሻ እንደ ጥጥ በደጋን ነድፋ፣ በቀጭኑ እንዝርት ስትሞክረው እሺ አለ። የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ነበረች። ከከተማ አንድ ሸማኔ ፈልገን ክንድ ተኩል የምትሆን የልጅ መጠቅለያ አሠራን። የሽማግሌው ባለቤት መጠቅለያዋን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። በማግስቱ ሽማግሌው ሃያ እናት በጎቻቸውን እየነዱ መጡ። «ለሴትዮዬ ይህን የሚያበቅል በግ ይወለድላት» አሉ። ከጎረቤቶቻቸው አንድም ሰው እሺ ባላለበት ጊዜ ነው።

ያኔ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። የእኛ አገር አውራ ሴቷን ሲያጠቃ ሰፊ ላቷን በደረቱ ገፋ አድርጎ ነው፤ ከልጅነቱ ያውቅበታል። ሜሪኖው ግን ላት አይቶ አያውቅም። ይቀርባል፣ ያሸታል፣ ከኋላዋ ይቆማል፣ ግራ ይገባዋል፣ ይመለሳል። ፈረንጁ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። በመጨረሻ ሌላ መላ አልተገኘም፤ አንድ ሰው አጠገቧ ተንበርክኮ ላቷን ወደ ጎን ሊይዝላት ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከጥር እስከ የካቲት ሃያ በግ፣ አንዷን ሁለት ሦስት ጊዜ። መንገደኛ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል፤ ስንቱ እንደሳቀ አልቆጠርኩም። ተምሬ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ ስል ለባለቤቴ ነገርኳት። «እጅህን ታጠብና ብላ» አለችኝ።

ግልገሎቹ ሳይወለዱ የፈረንጁ ውል አለቀ። እጄን ጨበጠኝ፣ «የሰኮናውን ነገር አደራ» አለኝና ሄደ። ግልገሎቹ የመጡት በሰኔ፣ ዳግመኛ በዝናብ ነው። እያደረቅን፣ ጉልበታችን ላይ እያሞቅን፣ አሥራ አንዱን አተረፍን። ሱፋቸው እውነትም ከአርሲው የተሻለ ነበር። ጭራቸው ግን ላት ለመሆን ጀምሮ የተወ ዓይነት ነው፤ ከላይ ትንሽ ስብ አለው፣ ከታች ቀጭን ሆኖ ይንጠለጠላል። ሰዉ «ግማሽ ላት» እያለ ጠራቸው። ሽማግሌው ግድ አልነበራቸውም፤ በተለይ አንዱን ነጭ ጠቦት፣ ከሁሉ የገዘፈውን፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ያሳዩ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው ነገሩ የደረሰባቸው። የወንድማቸው ልጅ ከሁሩታ በኩል ካለ ቤተሰብ ልጅ ጋር በግጦሽ ተጣልቶ እጁን ሰብሮት ነበር። ሽማግሌዎች ብዙ ከተመላለሱ በኋላ እርቅ ተቆረጠ፤ የበደለው ወገን በግ ይዞ እንዲመጣ ተባለ። የእኛ ሽማግሌ ያንን ነጭ ጠቦት ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት የሰኮና ገንዳውን እያጸዳሁ ሳለሁ መጥተው ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም፤ እንዲያ አድርገው አያውቁም።

«ምን ሆኑ፣ አባቴ?»

«‹ሆላ ሞ ሳሬ?› አሉኝ» አሉ። በግ ነው ወይስ ውሻ ማለት ነው። «በልጅ ልጆቼ ፊት። ‹እጃችንን ሰብሮ ውሻ ይዞልን መጣ› ብለው ተነሱ። እርቁ ቀረ።»

«ለምን ላታሙን አልወሰዱም?» አልኩ፣ ምንም የማይረባ ጥያቄ።

«ያ ነዋ የሚበልጠው!» አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ሰው የሚወስደው ከመንጋው የሚበልጠውን አይደል? የተመረጠውን ወሰድኩላቸው።» ከዚያ ዝቅ ብለው፣ «ሰባ ዓመቴ ነው፤ ተሰድቤ አላውቅም» አሉ።

ቁርስ ሳልበላ ገባሁና ለባለቤቴ ነገርኳት። ልጃችንን እያጠባች አዳመጠችኝና፣ «እሳቸው ፈረሳቸውን ለበግ የሰጡ ሰው ናቸው» አለች። «አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሂድ እንጂ!» በሦስተኛው ቀን እኔና ሽማግሌው፣ አንድ ላታም ሙክት እየነዳን፣ ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ይዘን ሄድን። መንገዱን ሁሉ በልቤ ኦሮምኛዬን እያሰናዳሁ ነበር። ስንደርስ ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋና፣ «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ያንን በግ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ በአጭሩ፣ ቆሜ።

የቤቱ ባለቤት ወፍራም፣ ዐይናቸው ምንም የማያመልጠው ሰው ነበሩ። እስከ ጫማዬ አዩኝ።

«የመንግሥት ሰው ነህ?»

«አዎ።»

«መንግሥት ላት የሌለው በግ ምን ያደርግለታል?»

«ለሱፉ ነው።»

«ሱፉን ማን ለበሰው?»

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር። የፋብሪካውን፣ የልማቱን ነገር ከወረቀቱ አውቀዋለሁ። ግን እስከዚያች ቀን የሸለትነው ሱፍ ሁሉ ዳሱ ጥግ በጆንያ ተከምሮ ነበር። ውሰዱልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ጻፍኩ፤ ማንም አልመጣም፤ አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ ለመዋሸትም ጉልበት ያስፈልጋል።

«ልጄ» አልኩ። «የስምንት ወር ልጅ አለችኝ፤ እሷ ለብሳዋለች። ሌላው ጆንያ ውስጥ ነው።»

ሰውዬው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ አስደገሙኝ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ለአንዲት ሕፃን መጠቅለያ ባሕር ተሻግረው?» አሉና ሳቁ፤ ወንድሞቻቸውም ሳቁ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሽማግሌዬም ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው እየሳቁ ነው። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ያን ያህል ሰው በድካሜ ሲስቅ አላስከፋኝም፤ መቀመጥ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሙክቱን ተቀበሉ። እጁ የተሰበረው ልጅና የሰበረው ተጨባበጡ። ሥጋው የእነሱ ስለሆነ እኔ አልበላሁም፤ ወተትና በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ አቀረቡልኝ፤ የፍስክ ቀን መሆኑ በጀኝ። ስንመለስ ሽማግሌው በፈረሳቸው ጎን ከእኔ ጋር በእግራቸው ሄዱ፤ ዳገቱ ላይ ስንደርስ «ጥሩ ተናገርክ» አሉኝ። እኔን ግን ከሰዓታት በኋላም ኀፍረቱ አልለቀቀኝም ነበር።

ሦስተኛው ክረምት ከቀሩት አብዛኞቹን ወሰደ። በመጨረሻ የሞተው ያ ቃሬዛ ላይ የተሸከምነው ትልቁ አውራ ነው። ሰኮናው ድኖ ነበር፤ ጉበቱ ግን በትል አልቋል። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ሪፖርት ጽፌ ላክሁ። ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ የተረፉት ሦስት ሴት በጎች ወደ ሌላ ጣቢያ እንዲላኩ፣ የአሰላው እንዲዘጋ ያዛል። ስለ ጆንያዎቹ የሚል ቃል የለበትም። እኔም ከበጎቹ ጋር እንድሄድ ይላል።

ባለቤቴ ደብዳቤውን አስነበበችኝ፤ ማንበብ አትችልም ነበር። ከጨረስኩ በኋላ፣ «ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«ወገቤ አይሄድም» አልኳት።

በጎቹን መኪና ላይ ጭኜ፣ መድኃኒቱንና ቢላዋውን ለመኪናው ረዳት ሰጥቼ፣ የሰኮናውን ነገር አደራ ብዬ ሸኘኋቸው። እኔ ማመልከቻ ጻፍኩ። ከብዙ መመላለስ በኋላ አሰላ ከተማ ውስጥ ሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ ደብዳቤ መቀበልና ማኖር ነው ሥራዬ። ሽማግሌው ግማሽ ላቶቹን አንድ በአንድ ለቤታቸው አረዷቸው። ገበያ ቀን ከተማ ሲመጡ ይጠይቁኛል፣ «ሥጋቸው ግን ጥሩ ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ይሁን ሊያጽናኑኝ፣ አልጠየቅኋቸውም።

መዝገብ ቤት የገባሁ ዕለት አለቃዬ ሥራውን በዝርዝር አስረዳኝ፤ የመጪው ፋይል በዚህ፣ የወጪው በዚያ። ግማሹን አልሰማሁትም። ከጠረጴዛው ኋላ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር ነበረ። «የእኔ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አዎ አለኝ። ተቀመጥኩ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም አልተነሳሁም።